የምስክር በርኖስ

የካቲት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.
ከሞላሌ በታች፣ ቂርቆስ ሰፈር

ለባሌ እህት ልጅ፣ በእጄ ላሳደግኩህ ለልዑልሰገድ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጁባ ሙቀቱ ከባድ ነው ይላሉ። የእኛን ብርድ የለመደ ሰው እንዴት ቻልከው? የቂርቆስ አምላክ ጥላ ይሁንህ። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፣ በጎቹም ደኅና ናቸው።

በስልክ አንድ ነገር ልጠይቅህ ስል ድምፅህ ይጠፋል። ኔትወርክ ነው ትላለህ። ስለዚህ በወረቀት መጻፍ ይሻላል አልኩ። አጥር የምንጋራት መምህር እየሩስ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ እጄ ዘገምተኛ ነው፤ ታገሠኝ።

መጀመሪያ ያንን ቀን ልንገርህ። አንተ ጉድጓዱ አጠገብ ስለነበርክ ወሬው እኔ ዘንድ እንዴት እንደደረሰ አታውቅም።

ደጃፍ ተቀምጬ ሱፍ እያባዘትኩ ነበር። መንገዱ አስፋልት ሊሆን ነው ተብሎ ከሥሩ የጎርፍ ውኃ ማፍሰሻ ቱቦ መቅበር ከተጀመረ ወዲህ የመቆፈሪያው ማሽን ድምፅ ቀኑን ሙሉ አይለየኝም ነበር። መጀመሪያ ራሴን ያመኝ ነበር። በኋላ ግን ወደድኩት። እሱ ሲጮህ ልጄ ምስክር እዚያ ቆሟል ማለት ነው እል ነበር። ያን ዕለት ለምሳ ቆመ፣ እንደ ወትሮው። ከምሳ በኋላ ግን አልተነሣም። ሱፉን በእጄ እንደያዝኩ አዳመጥኩ። ውሻ እንኳ አልጮኸም። ልጄ፣ መርዶ የነገረኝ ሰው አይደለም፤ ያ ዝምታ ነው።

ከዚያ ፈንታ መጣ፣ ሎደር የሚነዳው። ከኋላው የሰፈሩ ሰው ተከትሎታል። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዞረዋል።

«እትዬ ጥሩሸዋ፣ ምስክርን ትንሽ አሞታል» አለኝ።

«ትንሽ ላመመው ሰው ይህን ያህል ሆናችሁ ትመጣላችሁ?» አልኩት።

ባርኔጣውን ብቻ ያዞራል።

ስደርስ አንተና የሥራ ባልደረባህ ሽመክት ገንዛችሁት ነበር። «እትዬ፣ አይክፈቱት» አልከኝ። እሺ አልኩህ፤ አልከፈትኩትም። ደረቱ ላይ ግን ጉብ ያለ ነገር ነበረ። እጁን ሳያስተካክሉለት ነው የገነዙት ብዬ አዘንኩ።

የምጠይቅህ ይህ ነው። ለቅሶው ላይ ልብሱን አውጥተን ስንዘረጋ ሁሉም ነበረ፤ ኮቱ፣ የጥምቀት ሸሚዙ፣ ጫማው። በርኖሱ ግን የለም። በርኖሱን ታውቀዋለህ። ከራሳችን ጥቁር በጎች ሱፍ ፈትዬ ያሸመንኩለት ነው። ጥቁሩ ክር አልቆብኝ የጀርባውን ስፌት በነጭ ዘጋሁት፤ «እማዬ፣ ከኋላዬ ስሄድ እንዳትጠፊብኝ ነው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ለብሶት ወጣ።

የሟች ልብስ ብርድ ላይ ላለ ሰው ካልተሰጠለት ነፍሱን ይበርዳታል ትል ነበር እናቴ። ለሙት ዓመቱ በርኖሱን ልሰጥለት እፈልጋለሁ። ሌላ ልብስ አይሆንልኝም። በርኖሱ የት ነው?

አክስትህ ጥሩሸዋ

*

መጋቢት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.
ጁባ

ለተከበሩት አክስቴ ለእትዬ ጥሩሸዋ፤

ከእግርዎ ሥር ሆኜ ጉልበትዎን እየሳምኩ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። መድኃኔ ዓለም ያጽናናዎት፣ የምስክርንም ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እኔ ደኅና ነኝ። እዚህም የማውቀውን ሥራ ነው የምሠራው፤ የውኃ ቱቦ እንቀብራለን። አፈሩ አሸዋ ነው። እንደ እኛ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲነካው አያብጥም፣ ሲደርቅም አይሰነጠቅም። ሥራው በሙቀቱ ምክንያት ከንጋት እስከ ረፋድ ነው።

ለተዝካሩ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በአፈወርቅ እጅ ልኬያለሁ፤ የሞላሌው ልጅ ነው፣ ያገኙታል። አንድ ወፍራም ካፖርትም ገዝቼ አብሬ ሰድጃለሁ። ለምስክር ነፍስ ለፈለጉት ሰው ይስጡልኝ። ደግ ጨርቅ ነው።

በርኖሱን በተመለከተ ያን ዕለት ግርግር ስለነበረ አላስተዋልኩም። ዝናብ ጀምሮ ይሆን? እግርዎን እንዳይበርድዎ።

ልጅዎ ልዑልሰገድ

*

ሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለልዑልሰገድ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ፋሲካን ከማን ጋር ዋልክ? እኔ ባልንጀራዬ ወለተ ኢየሱስ ቤት ጾሜን ፈታሁ። በግድ አጎረሰችኝ። «ጥሩሸዋ፣ አንቺን ማጉረስ የበግ ግልገል ጡጦ ከማስያዝ ይብሳል» አለችኝና ሳቅኩ። ከኅዳር ወዲህ መሳቄ የመጀመሪያዬ ነው መሰለኝ፤ ራሴ ደነገጥኩ።

ካፖርቱ ደርሷል። ገንዘቡም ደርሷል፤ እንደተጠቀለለ ሣጥን ውስጥ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን እኔ ገንዘብ አልጠየቅኩህም። ስለ ጁባ አፈር ይህን ያህል ጽፈህ ስለ በርኖሱ አንድ መስመር ብቻ ጻፍክ።

አሁን ለሌላ ሰው ያልነገርኩትን ልንገርህ። ምስክር በሕልሜ ይመጣል። ሊነጋጋ ሲል ነው የሚመጣው። ቱቦው በተቀበረበት መንገድ ላይ በሸሚዙ ብቻ ይቆማል፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ። ይኼ አይደለም የሚያስፈራኝ። አጠገቡ ሌላ ሰው አለ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የሚቆመው። የምስክርን በርኖስ የለበሰው እሱ ነው። ነጩ ስፌት ይታየኛል፣ የእጄ ሥራ ነውና አልስተውም።

«ማነው ልብስህን የለበሰው?» እለዋለሁ።

«ይበርዳቸዋል፣ እማዬ» ይለኛል። እንዲያ ብሎ ነው የሚመልሰው፣ ትልቅ ሰው ሲጠራ እንደሚያደርገው በአክብሮት።

ለአባ ገሠሠ፣ ለነፍስ አባቴ ማለት ነው፣ ልንገራቸው ብዬ ተውኩት። ጠበል ግቢ ይሉኛል። አልታመምኩም።

ያን ዕለት በግርግሩ መሐል በርኖሱን ያነሣ ሰው ካለ ንገረኝ። ሰርቆም ከሆነ ይቅር እለዋለሁ፤ አልከሰውም፣ ስሙንም አላነሣም። ብርድ ይዞት ይሆናል። የማነው ያ ጀርባ? እሱን ብቻ ልወቅ።

አክስትህ

*

ሰኔ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.
ጁባ

ለተከበሩት እትዬ ጥሩሸዋ፤

ሰላመ እግዚአብሔር ከቤትዎ አይራቅ። ደብዳቤዎን አንብቤ ብዙ ቀን ብዕር ማንሣት አቃተኝ።

በርኖሱን ማንም አልሰረቀውም። የሰው ስም በልብዎ እንዳይመላለስ ስል ነው የምጽፈው። የጉድጓዱ ግድግዳ ሲደረመስ በርኖሱ ከአፈሩ ጋር ወርዶ ቀረ። እኛ የተጣደፍነው ለምስክር ነበር። አሁን ከቱቦው አጠገብ ነው ያለው፣ ከላዩ አስፋልት ተነጥፎበታል። ከዚያ የሚያወጣው የለም። እባክዎ እትዬ፣ ካፖርቱን ይስጡና ልብዎን ያሳርፉ።

ሕልሙን ደግሞ አይመኑት። እኔም ብዙ አያለሁ፣ አላምነውም።

ልጅዎ ልዑልሰገድ

*

ሐምሌ 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለልዑልሰገድ፤

የጎርፍ ወራት ነው፤ እግዚአብሔር ከጎርፍና ከመብረቅ ይሰውርህ። ኔትወርኩ አንድ ቀን ይመጣል፣ ብዙ ቀን ይጠፋል። ይህ መቼ እንደሚደርስህ አላውቅም።

ከቱቦው አጠገብ ነው ስትለኝ አመንኩህ። የቱቦው አፍ የሚወጣው ከገብስ ማሳዬ በላይ መሆኑን ታውቃለህ። ውኃ የማይወስደው ነገር የለም ብዬ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሄጄ ቆምኩ። በርኖሱን ሙሉውን አልጠበቅኩም። አንድ ክር ብትወጣ ይበቃኝ ነበር። ውኃው ጎርፎ ይመጣል፤ ጭቃ ያመጣል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያመጣል፣ አንዴ የሕፃን ጫማ አመጣ። ሱፍ ግን አላመጣም። ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ ሳዳምጥ ውኃው ሰው ይመስላል። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይመልሳል።

አንድ ቀን ፈንታ ከመኪናው ወርዶ መጣ።

«እትዬ፣ ምን እየጠበቁ ነው?»

«የልጄን በርኖስ። ከአፈሩ ጋር ተቀብሯል።»

«ማነው ያለዎት?»

«ልዑልሰገድ።»

ዝናቡ እየደበደበው «እትዬ፣ የዚያን ዕለት አፈር አንዱም እዚህ የለም» አለኝ። «ጥቁር አፈር ከአስፋልት ሥር አይመለስም። ውኃ ሲያገኝ ያብጥና መንገዱን ይሰብራል። ሁሉንም በሎደር የጫንኩት እኔ ነኝ፣ ወስደን ገደል አፋፍ ላይ ደፋነው። ቱቦውን ያለበስነው ከድንጋይ ማውጫው በመጣ ገረጋንቲ ነው፤ ቀዩ ጠጠር። ይሂዱ ቤትዎ፣ ይታመማሉ።»

ቤቴ አልሄድኩም። የተደፋበትን አሳየኝ አልኩት። ክምሩ ላይ ሣር በቅሎበታል። ዶማ ይዤ ሄድኩ። ወለተ ኢየሱስ ተከትላኝ መጣች፤ መጀመሪያ ተቆጣችኝ፣ በኋላ እሷም ዶማ አመጣች። ገለባበጥነው። የለም፣ ልጄ። እዚያም የለም።

ዋሸኸኝ አልልም። ከመሬት በታች ከሌለ፣ ከመሬት በላይ ማንም ካልለበሰው፣ በርኖሱ የት ነው?

አክስትህ ጥሩሸዋ

ከእየሩስ፦ ወንድም ልዑልሰገድ፣ ተዋውቀን አናውቅም፤ እትዬ ሳያውቁ ከሥር ይህን ጨመርኩ። በዝናብ ቱቦው አፍ ላይ ቆመው ይውላሉ። ሳል ይዟቸዋል። ሰው እየራቃቸው ነው፣ ልጆች ደግሞ በዚያ ማለፍ ፈርተዋል። የምታውቀው ነገር ካለ ክፉም ቢሆን ንገራቸው። ከዚህ የባሰ አይሆንም።

*

መስከረም 12 ቀን 2016 ዓ.ም.
ጁባ

ለእናቴም ለአክስቴም ለእትዬ ጥሩሸዋ፤

አዲሱ ዓመት የምሕረት ይሁንልዎ። ኔትወርኩ ስለጠፋ ይህን በወረቀት ጽፌ ለአፈወርቅ ሰጠሁት። በእጅዎ ካልሆነ ለማንም አይሰጥም።

በርኖሱ ከምስክር ጋር ነው። አብሮት ነው የተቀበረው።

ቱቦው ከቂርቆስ አጥር በታች እንዲያልፍ ሲወሰን ሬሳ ያለው ሰው መቃብሩን በኖራ ቀብቶ ያሳይ፣ አጥንቱንም ወደ ላይ ያሸጋግር ተብሎ እንደነበር ያስታውሳሉ። ሁሉም የራሱን አነሣ። ከአጥሩ ውጭ፣ ቁልቁል ያለው ግን የመንገደኛ መቃብር ነው። በድሮ ጊዜ ከቆላ ሲወጣ ብርድ የገደለውን፣ ዘመድ የሌለውን፣ ስሙ ያልታወቀውን እዚያ ያሳርፉት ነበር። ኖራ የሚቀባለት ማን አለ? ማንም ስላልቀባ ባዶ መሬት ተባለ፣ የቱቦው ችካልም በላዩ ተተከለ።

ያን ጠዋት ማሽኑ የአንድ ሰው አጥንት አወጣ። አለቃው «ከአፈሩ ጋር ይጫን» አለ። ምስክር ሄዶ ማሽኑ ፊት ቆመ። ያውቁታል፣ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ቆመ። አለቃው ተሳደበ፣ ከዚያ ደከመው። «ምሳ በልተን እስክንመለስ አንሣቸው። ከዚያ በኋላ ሥራ ነው» አለው።

ምስክር ምሳውን ትቶ ወረደ። በርኖሱን አውልቆ መሬት ላይ አነጠፈ። እኔ ከላይ ነበርኩ። አጥንቱን አንድ በአንድ ሲያነሣ ያናግራቸው ነበር፤ «ትንሽ ነው የቀረን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» እያለ፣ አሮጊት ደግፎ መንገድ እንደሚያሻግር ሰው። ወንድ ይሁኑ ሴት አናውቅም። ሲጨርስ በርኖሱን ጠቀለለው። «አቀብለኝ» አልኩት።

«ሰው ይወረወራል እንዴ? ይዣቸው እወጣለሁ» አለኝ፤ ሳቅ ብሎ።

ግድግዳው የወረደው ያኔ ነው። ድምፁ ትልቅ አልነበረም።

በእጃችን ቆፍረን ስናወጣው በርኖሱን በሁለት እጁ ታቅፎት ነበር። እጁን ልንፈታው ሞከርን፣ እምቢ አለን። በግድ ብናላቅቀው አጥንቱ ይበተናል። እኔና ሽመክት ተያየንና አብረን ገነዝናቸው። ደረቱ ላይ ያዩት እሱ ነው። ነጩ ስፌት ወደ ላይ ነበር፤ ከፈኑን ስዘጋ የመጨረሻ ያየሁት እሱን ነው።

ለምን እንደደበቅኩ ልናገር። ካህናቱ ከማይታወቅ ሰው ጋር አይቀበርም ብለው እንዳይመልሱት ፈራን። ከዚህም ይልቅ እርስዎን ፈራሁ። እኒያን ሰው «ልጄን የበሉት እሳቸው ናቸው» ብለው እንዳይረግሟቸው ፈራሁ። ምስክር የመጨረሻ ትንፋሹን የሰጠው ለእሳቸው ነው። ያ እርግማን ሆኖ እንዳይቀር ብዬ ነው።

እዚህ ጉድጓድ ሲቆፈር ሠራተኛ ከመውረዱ በፊት ግድግዳውን በሳንቃ አስደግፌ፣ ቀድሜ ወርጄ አፈሩን በእጄ እዳስሳለሁ። ሰው ይስቅብኛል። ማንን እንደምፈልግ አያውቁም።

ልጅዎ ልዑልሰገድ

*

ኅዳር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.
ቂርቆስ ሰፈር

ለልጄ ለልዑልሰገድ፤

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ልብህም ይረፍ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ደብዳቤህ የደረሰኝ ጥቅምት ሲያልቅ ነው። አፈወርቅ በጫማው ውስጥ ደብቆ አመጣው። እየሩስ ላንብብልዎት አለችኝ፤ እምቢ አልኩ። ራሴ አነበብኩት፤ በቀስታ፣ ብዙ ቀን ፈጅቶብኝ።

እውነቱን እነግርሃለሁ። የፈራኸው ደርሷል። እኒያን መንገደኛ ጠላኋቸው። መቃብሩ ላይ ሄጄ «ከልጄ እቅፍ ውጡ» አልኳቸው። ደረቅ አጥንት ሆነው ሳሉ የእኔን ለምለም ወሰዱ አልኩ። እንዲህ ስል የሰማኝ አልነበረም፣ ከእሳቸው በቀር።

ከዚያ ለአባ ገሠሠ ነገርኳቸው። እሳቸውም የሰበካውን ሽማግሌዎች ሰበሰቡ። ሽማግሌዎቹ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ክፉ አላሰቡም።

«ይከፈትና ይለዩ» አለ አንዱ። «ለምስክር ክብር ነው። መንገደኛውንም ለብቻቸው እናሳርፋቸዋለን።»

«ክርስቲያን ባይሆኑስ?» አለ ሌላው።

«ፍትሐቱ የተፈታው ለአንድ ሰው ነው» አለ ሦስተኛው።

አባ ገሠሠ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጅሽ ነው፤ አንቺ ምን ትያለሽ? በርኖሱንም ትፈልጊው ነበር፤ ከተከፈተ ታገኚዋለሽ።»

ልጄ፣ ይህን ሲሉ ልቤ ዘለለ። በእጄ የፈተልኩት ሱፍ ደርሶልኝ ነበር። አንድ ቃል ብናገር አገኘው ነበር። አፌን ከፈትኩ። ያኔ ድምፁ መጣብኝ፤ «ይበርዳቸዋል፣ እማዬ።»

ዓመት ሙሉ የፈለግኩት በርኖሱን ብርድ ላይ ላለ ሰው ልሰጥለት ነበር። እሱ ግን በሕይወቱ ሳለ፣ በገዛ እጁ፣ ከዚህ አገር ሰው ሁሉ ይልቅ ብርድ ላይ ለቆዩት ሰጥቷቸዋል። አጥር ውስጥ ላልገቡት፣ ኖራ የሚቀባላቸው ላጡት። እኔ ከፍቼ ላወጣው ስል ምን እያደረግኩ ነው? ልጄ ያለበሰውን ሰው መግፈፍ ነው።

«አይከፈት» አልኩ። «ልጄ ይዣቸው እወጣለሁ ብሎ ነበር። ይዟቸው ይውጣ።»

«እምነታቸውስ?» አለ ያ ሰው፣ ቀስ ብሎ።

«እሱ ሲያነሣቸው አልጠየቃቸውም። እኔም አልጠይቅም።»

አባ ገሠሠ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡና ማንንም ሳያዩ ወጡ። የሙት ዓመቱ ዕለት ግን ዕጣን ይዘው መቃብሩን ሲዞሩ ከዳር እስከ ዳር፣ ሰፋ አድርገው ዞሩ፤ ለአንድ ሰው ከሚበቃው በላይ።

የላክኸውን ካፖርት ሞላሌ መናኸሪያ አውቶቡስ ቀርቶበት ለሚያድር መንገደኛ ሰጠሁት። ስሙን ጠየቅኩት፣ ሰማሁት፣ ያዝኩት። በዚህ አገር ስሙ ሳይታወቅ የሚያልፍ መንገደኛ ከእንግዲህ በእኔ በኩል አይኖርም። በገንዘብህ ከአጥሩ በታች በቀረው መሬት ላይ ድንጋይ አስተከልኩ፣ ኖራውን ራሴ ቀባሁት። ማሽን ዳግመኛ ቢመጣ ባዶ ነው አይልም።

ምስክር ከዚያ ወዲህ በሕልሜ አልመጣም። ይህን ስፈልግ ኖሬ አሁን ናፈቀኝ። ቱቦው አፍ ላይ መቆም ትቻለሁ። ግን በዚያ ሳልፍ ውኃ በሌለበት ወራትም ከውስጥ የሚያወሩ ይመስለኛል፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይመልሳል። አልፈራቸውም። ዝም ብዬ አልፋለሁ፣ ጨዋታቸውን እንዳላቋርጥ።

አንተም ወደ ጉድጓድ ስትወርድ አትፈልገው። ያለበትን አውቀናል።

ይህ ወረቀት አንተ ዘንድ እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል። ሹፌር ይዞት ያድራል፣ ኬላ ላይ ይከፈታል፣ እዚያም ባልንጀሮችህ ያነቡታል። ላነበባችሁት ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። የልጄ የክርስትና ስሙ ወልደ ሰማዕት ነው። በምትጸልዩበት ጊዜ፣ በየትኛውም ቋንቋ ብትጸልዩ፣ ወልደ ሰማዕትን አስቡልኝ። አብረውት ያሉትንም አስቡልኝ። ስማቸውን አላገኘሁትም። «ከወልደ ሰማዕት ጋር ያሉት፣ ጥቁር በርኖስ የለበሱት» በሉ። እዚያ ያውቋቸዋል።

ጥሩሸዋ፣ የምስክር እናት